ጋፋት ትምህርት ቤት ሆኖ ለምን አልቀጠለም?
የዕቃ ንድፍ ትምህርት ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ታሪክ አንጻር

የዘንድሮውን የመገናኛ መጽሔት የሚያዘጋጁት ወዳጆቻችን የታሪክ ጽሑፍ ሲጠይቁኝ፣ «ሐኪም ናትና ስለ ወባ ወይም ስለ ፈንጣጣ ትጽፋለች» ያላችሁ አትጠፉም። እኔ የመረጥኩት ግን ስለ ዕቃ መጻፍ ነው። በሕክምና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት በሽተኛን ከሚያድኑትም ከሚያዘገዩትም ነገሮች መካከል ብዙዎቹ ተራ ዕቃዎች መሆናቸውን አይቻለሁና። የገደል መንገድ ላይ የሚያዘነብል ቃሬዛ፣ እናቲቱ እንደለመደችው እንድትወልድ የማይፈቅድ አልጋ፣ አንዲት ፊውዝ አጥቶ ጥግ ላይ አቧራ የሚጠጣ መሣሪያ።

ፕሮዳክት ዲዛይን ወይም ኢንዱስትሪያል ዲዛይን የሚባል ሙያ አለ። አንድን ዕቃ ማን እንደሚጠቀምበት፣ የትና እንዴት እንደሚይዘው አጥንቶ ቅርጹን፣ ክብደቱን፣ የሚሠራበትን ነገርና ሲሰበር የሚጠገንበትን መንገድ የመወሰን ሙያ ነው። በማስተርስ ደረጃ ሲጠና ተማሪው አንድ ችግር ይዞ ከባለጉዳዮቹ ጋር ይውላል፣ ሞዴል ይሠራል፣ ያስሞክራል፣ ይከሽፍበታል፣ ያሻሽላል፣ በመጨረሻም ሥራውን በመምህራን ፊት ቆሞ ያስረዳል። ብዙዎቻችን ይህን የፈረንጅ ፋሽን አድርገን እናየዋለን። መኪና ለሚሠሩ፣ ስልክ ለሚሠሩ አገሮች እንጂ ለእኛ ምን ይረባል እንላለን።

እስቲ ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ ወደ ጎረቤታቸውም ወደ ደብረ ታቦር ልውሰዳችሁ። በዚህ አካባቢ ዕቃ መንደፍንና ከፍተኛ ትምህርትን የሚመለከቱ ሦስት ታሪኮች አሉ። አንዱ የመድፍ፣ አንዱ የመጽሐፍ፣ አንዱ የድልድይ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ስናያቸው፣ ስለ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ዛሬ የምንከራከርበትን ነገር አባቶቻችን ቀድመው እንደተፈተኑበት እናገኛለን።

መድፉ

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብላ የምትገኝ ቦታ ናት። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ከባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ማኅበር የተላኩ ሚስዮናውያን እዚያ ሰፍረው ነበር። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ከነሱ መካከል ናቸው፤ ሞሪትስ ሆል የሚባል ፖላንዳዊም አብሯቸው ነበር። ሚስዮናውያኑ የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ነው፤ የእጅ ሙያ ግን ነበራቸው። ንጉሡ የፈለጉትም እሱን ነው።

«መድፍ ሥሩልኝ» አሏቸው። «ሠርተን አናውቅም» ሲሉ መለሱ። ንጉሡ አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው፤ «እንሞክራለን» ሲሉ ተፈቱላቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ «እንደገና ሞክሩ» አሉ። ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ ነው ብረቱ ቀልጦ፣ ቅርጽ ይዞ የወጣው። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከጎናቸው እየሠሩ ይማሩ ነበር። የአንድ የዲዛይን ማስተርስ ክፍል ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የተሰጠ ጥያቄ አለ፣ ሙከራ አለ፣ ክሽፈት አለ፣ ከክሽፈቱ የተገኘ ዕውቀት አለ።

የጋፋት ትልቁ ሥራ ሴባስቶፖል ነው፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን። ታዲያ ይህ ዕቃ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው ትልቁ ጥያቄ የመጣው። በምን ይጓዛል? አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በምሥራቅ በኩል በጋይንት ደጋ፣ ከዚያ በዋድላና በደላንታ አድርገው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ያህል ፈጀ ማለት ነው። መንገዱ ፊት ፊቱን እየተቆፈረ፣ ቋጥኙ እየተፈነቀለ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች መድፉን ሽቅብ እየጎተቱ፣ ቁልቁል እየያዙ ሄዱ። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር።

በዚያ አገር የተጓዘ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከጉና ተራራ ትከሻ ተነሥቶ ወደ ነፋስ መውጫና ወደ ጨጨሆ የሚሄደው ሸንተረር ግራና ቀኙ ገደል ነው። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድም የሚያልፈው በዚሁ ሸንተረር ላይ ነው፤ ሌላ አማራጭ የለማ! ዛሬ በመኪና በሰዓታት የምናቋርጠውን አገር ነው እንግዲህ በሰው ጉልበት 70 ኩንታል የጎተቱበት።

መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደቀች። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው አምሳያው ነው። ለኩራታችን ትልቅ ቦታ አለው፤ «እኛም እንሠራለን» ያሰኘ ሥራ ነው። እንደ ዕቃ ካየነው ግን የተሠራበት መሬትና የሚያልፍበት መንገድ አልተጠየቁም። የተጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ንጉሡ ናቸው።

የጋፋት ታሪክ ሌላም የሚያስቆጭ ገጽ አለው። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ከሚስዮናውያኑ አንዱን፣ ፍላድን፣ የእጅ ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎቹ ተቀጠሩ፣ መሣሪያው ተገዛ፣ ምጽዋም ደረሰ። የታሰሩት አውሮፓውያን ስላልተለቀቁ ግን ወደ ደጋው ሳይወጣ ተመለሰ። በምትኩ ጦር መጣ። አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችል የነበረ ነገር ወደብ ላይ ቆይቶ ወደ መጣበት ሄደ።

ከመቅደላ በኋላ የጋፋት ሰዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። ለእኛ ለሐኪሞች የሚገርመን የቫልድማየር መጨረሻ ነው። ይህ መድፍ ያሠራ ሰው ኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ደግሞ በቤይሩት አጠገብ አስፉሪየህ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ተቋም የመመሥረት ችሎታ ነበረው ማለት ነው። ጋፋት ላይ የታዘዘው ግን ተቋም ሳይሆን መድፍ ነበር።

ጋፋት ለምን ትምህርት ቤት ሆኖ አልቀጠለም? አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው፤ አንድ ደንበኛ ብቻ ነበረው፤ ደንበኛው ሲያልፍ ሥራውም አለፈ። ሁለተኛው ምክንያት የእኛ ነው። በዚያ ዘመን በበጌምድር ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የሚሠራው በአብዛኛው ቤተ እስራኤል ነበር። ማረሻውን ከእጁ የሚወስደው ገበሬ ግን «ቡዳ» እያለ ይሸሸዋል። እጁ የሚፈለግ፣ ሰውየው የማይፈለግ ሆነ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ሦስተኛውን ምክንያት ለማየት ከጋፋት ወደ ጋይንት እንሻገር።

መጽሐፉ

ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም የምትባል ደብር አለች። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ «ድጓ ዐዋቂ ነኝ» ለማለት መጨረሻ ላይ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያውም ዙር አባ እዚያው ጋይንት ነው። ከሸዋም፣ ከትግራይም፣ ከጎጃምም ይመጣል። በዛሬ አነጋገር ጋይንት የሁለት የትምህርት ክፍሎች የድኅረ ምረቃ ማዕከል ናት፤ ያውም ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ሳይታሰብ።

ይህ ትምህርት ዜማ ብቻ አይደለም። የድጓ ተማሪ በልማዱ ድጓውን በእጁ ይጽፋል። ብራና ይፍቃል፣ ይወጥራል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ የመቃ ብዕር ይቀርጻል፣ የዜማውን ምልክት ከፊደሉ በላይ በቀጭኑ ያሰፍራል፣ ይጠርዛል፣ ማኅደር ያሰፋለታል። የመጽሐፉ መጠን እንዲሁ የመጣ አይደለም። ማኅደሩ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ ባለቤቱ በእግሩ ተራራ ይወጣል፤ ዝናብ ይመጣል፤ ሌሊት በጧፍ ብርሃን ይነበባል። ቀዩ ቀለም አርእስቱን ከርቀት ያሳያል። ለተጠቃሚው፣ ለቦታውና ለሁኔታው ታስቦ የተሠራ ዕቃ ማለት ይህ ነው።

የሕንጻውም ነገር እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም እ.ኤ.አ. በ1955 ቤተ ልሔም ሲደርስ ከውጭ ያየው እንደ ማንኛውም የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ጣሪያ ያለው ሕንጻ ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በጥንታዊው የአክሱም ስልት የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ከጣሪያው ሥር ተሸሽጎ አገኘ። ኋላ በጻፈው መጽሐፍ ስለዚሁ ተርኳል። አዲሱ ጣሪያ ለአሮጌው ሕንጻ ልብስ ሆኖለታል። ቅርስ ጠባቂዎቹ የደብሩ ሰዎች ናቸው።

ለኔ ትልቁ ነገር ግን ማስመስከሩ ነው። ምስክር የተቀበለ ሰው አገሩ ሲመለስ ወንበር ዘርግቶ እንዲያስተምር ይጠበቃል። መምህሩ ማን እንደሆነ፣ የመምህሩም መምህር ማን እንደነበረ እየቆጠረ ይናገራል። ንጉሥ ሲለወጥ፣ ጦር ሲያልፍ፣ ረኃብ ሲመጣ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ጋፋት ያጣው ሦስተኛ ነገር ይህ ነው። እዚያ የተማሩት ወጣቶች ሥራ አወቁ፤ ሌላውን እንዲያስተምሩ የሚያስገድድ ሥርዓት፣ የሚያስከብርም ማስረጃ ግን አልነበራቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ለብቻው ዞር ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል፤ በማግሥቱ የትናንቱን ይዞ መምጣት አይቻልም፤ አዲስ ያስፈልጋል። የዲዛይን ትምህርት ቤቶች ተማሪው ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በመምህራንና በጓደኞቹ የሚተችበት ሥርዓት አላቸው። ሁለቱን ሥርዓቶች የሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር ላስተምራችሁ ሲባል ሳቁ ይመጣል።

የቤተ ልሔም መንገድ ጉድለት የለውም አልልም። ዋና ግቡ የተቀበሉትን ሳያጎድሉ ማስተላለፍ ነው። የተበላሸን ነገር ለመለወጥ፣ የሌለን ነገር ለመፍጠር የሚያደፋፍር አይደለም። ለዚህ ደግሞ ሦስተኛው ታሪክ ያስፈልገናል።

ድልድዩ

ዓባይ ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር በሚለይበት ሸለቆ፣ በሞጣ በኩል፣ ቀድሞ የእስቴ አካል ወደነበረችው አንዳቤት የሚያሻግር ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰበረ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው የተሻገረው በገመድ ነው። ክፍተቱ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ጠንካራ ወንዶች ይቆማሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰራል፤ እየሳቡ ያሻግሩታል። ነጋዴው፣ ገበያተኛው፣ ሕመምተኛው፣ ነፍሰ ጡሯም እንዲሁ። ይህንን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ አይቶት እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት መሠረተ። በ2002 የተሰበረው ክፍል በብረት ተጠገነ። ሰው እፎይ አለ። በ2005 ግን የዓባይ ሙላት ጥገናውን ጠራርጎ ወሰደው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ከብዙ የእርዳታ ታሪኮች አንዱ ይሆን ነበር። የሠሩት ሰዎች ግን ተመለሱ። በ2009 ከአሮጌው ድልድይ ጋር ያልተያያዘ፣ ከውኃው ከፍ ብሎ በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሠሩ። የመጀመሪያው መልስ «የተሰበረውን እንድፈን» የሚል ነበር። ሁለተኛው ጥያቄውን ራሱን ለወጠው። ሰዉ የሚያስፈልገው ያንን ድንጋይ መጠገን ነው ወይስ ክረምትም በጋም መሻገር? በማስተርስ ደረጃ የሚሰጠው የዲዛይን ትምህርት ከቴክኒክ ሥልጠና የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ሥልጠናው የተሰጠህን በደንብ መሥራት ያስተምራል። ድኅረ ምረቃው የተሰጠህ ጥያቄ ትክክል መሆኑን መመርመር፣ ሲከሽፍም ተመልሶ መምጣት ያስተምራል።

ሌላው አገር እንዴት ጀመረው?

በአገራችን ዘመናዊው የሙያ ትምህርት የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ተጠርቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል፤ የስሙም መጨረሻ «ዲዛይን» የሚል ነው። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ ብረታ ብረት፣ እንጨት፣ ጨርቃ ጨርቅና ኤሌክትሪክ አስተማረ። በዚህ መንገድ የእጅ ሥራ ክብር እያገኘ መጣ። በማስተርስ ደረጃም የማሽን ንድፍና የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ሥነ ጥበቡ ግን በአንድ ግቢ፣ ምህንድስናው በሌላ ግቢ፣ ሕክምናው በሦስተኛ ግቢ ቀርቷል።

ሕንድን እንይ። መንግሥቱ ቻርልስና ሬይ ኢምስ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ዲዛይነሮችን ጋብዞ እ.ኤ.አ. በ1958 ጥናት አጻፈ። ባልና ሚስቱ ከሕንድ ዕቃዎች ሁሉ ያደነቁት ሎታ የሚባለውን ተራ የውኃ ዕቃ ነበር። ሲሞላ ሚዛኑ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ጭንቅላት ወይም ዳሌ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሲቀዳ ውኃው እንዴት እንደሚወርድ፣ ሲታጠብ እጅ መግባቱን፣ ዋጋውን፣ ሁሉንም ጠየቁ። በዚያ ጥናት መነሻነት በ1961 በአህመዳባድ ብሔራዊ የዲዛይን ተቋም ተመሠረተ።

በዚያው አገር፣ በጃይፑር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ራም ቻንድራ ሻርማ የሚባል ባለእጅና ዶክተር ሴቲ የሚባሉ የአጥንት ሐኪም ተባብረው ሰው ሠራሽ እግር ሠሩ። ከውጭ የሚመጣው እግር ጫማ ይፈልጋል፤ መቁጢጥ አያስችልም፤ ውኃ ሲነካው ይበላሻል። የነሱ እግር ከጎማ የተሠራ ሆኖ በባዶ እግር ጭቃ ውስጥ ይሄዳል፣ ያስቆጢጣል፣ በርካሽ ይሠራል። ሻርማ ብዙ አልተማረም፤ ሐኪሙ ደግሞ ብረትና ጎማ አያውቁም። አንዱ ብቻውን ቢሆን ያ እግር አይወለድም ነበር።

ከኛም ሰው ጠፍቶ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገው ጆሞ ታሪኩ አሜሪካ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ተምሮ፣ በኒያላ ስም የተጠራ ወንበር፣ በሙቀጫችን ቅርጽ የተሠራ በርጩማ እየነደፈ ስሙን በዓለም አስጠርቷል። በእስቴ የተወለዱት ዙምራ ኑሩ ደግሞ ዲግሪ ሳይኖራቸው በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ በመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሴቶች እንዲሸምኑ፣ ወንዶች እንዲፈትሉ አድርገው «ይህ የወንድ፣ ያ የሴት ሥራ» የሚለውን ልማድ ሰብረዋል። ችሎታውም ድፍረቱም አለ። የጎደለው የሚያገናኘው ወንበር ነው።

ቃሬዛው፣ እንስራውና አልጋው

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ስማዳ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። አንዲት እናት ቆላ ውስጥ ምጥ ሲጠናባት አምቡላንሱ የሚደርሰው መንገዱ እስካለበት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቃሬዛ ነው። ሁለት ረጅም እንጨት፣ መሐሉ በጠፍር ወይም በገመድ የተጠላለፈ፣ ላዩ ላይ ጋቢ። የሰፈሩ ወንዶች እየተፈራረቁ ይሸከማሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለው ተረት እዚህ ላይ እውነት ይሆናል። የእናቶች ሞት ጥናት ላይ «ሦስቱ መዘግየቶች» የምንለውን ሁላችንም ተምረናል፤ ቃሬዛ የሁለተኛው መዘግየት፣ የመንገዱ መዘግየት፣ ብቸኛ መድኃኒት ሆኖ ዘመናት አስቆጥሯል።

ይህን ዕቃ በቁም ነገር የነደፈው አለ? ሽቅብ ሲወጣ የእናቲቱ እግር ዝቅ ይላል፣ ቁልቁል ሲወርድ ጭንቅላቷ ይዘቀዘቃል። ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ መተኛት እንዳለባት እናውቃለን፤ ቃሬዛው ግን በጀርባ ነው የሚያስተኛት። ብትንቀጠቀጥ የሚይዛት ማሰሪያ የለውም። ጉሉኮስ ቢሰቀልላት ማንጠልጠያ የለውም። ጠባቡ የገደል መንገድ ላይ ይጋጫል፤ ወደ አይሱዙ ወይም ወደ ባጃጅ ሲዘዋወር አይገጥምም። እነዚህ ሁሉ የሁለት ዓመት የማስተርስ ጥናት የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዕቃው ግን እዚያው መንደር ውስጥ፣ ከባሕር ዛፍና ከገመድ፣ ያለ ብየዳ ሊሠራ የሚችል መሆን አለበት። አለዚያ ሌላ ሴባስቶፖል ይሆናል።

እንስራን ውሰዱ። ሴቶቻችን በጀርባቸው በገመድ አዝለው ከወንዝ ሽቅብ ይወጣሉ። ዛሬ ቢጫው ጀሪካን ተክቶታል፤ ቀለለ፣ አይሰበርም። ይሁን እንጂ ጀሪካን በእጅ እንዲንጠለጠል የተሠራ ዕቃ ነው። በጀርባ ሲታዘል ማዕዘኑ ወገብ ይወጋል፣ ገመዱ ደረት ይቆርጣል። ከባድ ሸክም ከማህፀን መውጣት ጋር እንደሚያያዝ የማህፀን ሐኪሞች ያውቃሉ። በሕንድ ለሎታ የተጠየቀውን እኛ ለጀሪካን አልጠየቅንም።

የማዋለጃ አልጋውም ነገር ተመሳሳይ ነው። በገጠራችን እናቶች ተንበርክከው፣ ሰው ደግፏቸው ይወልዱ ነበር። ጤና ጣቢያ ሲመጡ በጀርባቸው ተኝተው እግራቸውን እንዲሰቅሉ ይጠየቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እናቲቱ የምትወልድበትን አኳኋን ራሷ እንድትመርጥ ይመክራል። አልጋው ግን ምርጫውን ቀድሞ ወስኖላታል። በአንድ ወቅት የሠራሁበት ሆስፒታል ውስጥ በእርዳታ የመጣ፣ በኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ የሚል የሚያምር አልጋ ነበር። ከፍ እንዳለ መብራት ጠፋ፤ መብራቱ ሲመለስ አልጋው አልወርድ አለ። መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም፤ የመመሪያው ቋንቋ ከመካከላችን ማንም የማያነበው ነበር። አዋላጆቹ በርጩማ ደርድረው እናቶችን ያወጡ ነበር፤ ኋላ ላይ መደርደሪያ ሆነ። ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በ16 አገሮች ከ110 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎች ተመዝግበው 40 ከመቶ ያህሉ ከሥራ ውጪ ሆነው ተገኝተዋል። የኛ አልጋ ብቻዋን አይደለችም።

ቲ.ቲ.ፒ. ላይ አንድ ሰው እንጨምር

የኛ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው ከምን እንደሆነ አንርሳ። በ1940ዎቹ አጋማሽ የወባ ወረርሽኝ ደምቢያን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ጎን ለጎን ሠለጠኑ፤ በቡድን ሆነው ገጠር እንዲወጡ። በሽታው ያለበት ቦታ ሄዶ መማር የኛ መለያ ሆነ። ቲ.ቲ.ፒ. ብለን የምንጠራው የቡድን ሥልጠናም የዚያ ልጅ ነው። ስንት ትዝታ አለን! የአንድ ክፍል ጭንቅንቅ፣ በጋራ የበላነው ሽሮ፣ ቤት ለቤት የቆጠርነው መጸዳጃ። በዚያ ጊዜ መጸዳጃ ቤቱን ስንቆጥር ለምን ሰው እንደማይጠቀምበት የሚነግረን፣ ክዳኑን አሻሽሎ የሚሠራልን ባለሙያ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

ሐሳቤ ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ የሕክምና ኮሌጅ አለው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከጋፋት አፍንጫ ሥር ተቀምጧል። በጋራ አንድ አነስተኛ የምርት ዲዛይን ማስተርስ ፕሮግራም ቢከፍቱ፣ ተማሪው የመጀመሪያ ዓመቱን አጋማሽ ከቲ.ቲ.ፒ. ቡድን ጋር ገጠር ቢያሳልፍ፣ የመመረቂያ ጥያቄውን ከዚያው ቢያመጣ፣ አማካሪዎቹ አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ሐኪም ወይም አዋላጅ፣ አንድ የአካባቢው ባለእጅ ቢሆኑስ? የሠራውን ዕቃ የሚመርቁለት ደግሞ ከመምህራኑ ጋር የተጠቀሙበት ሰዎች ይሁኑ። ቃሬዛውን የነደፈ ተማሪ በስማዳ ዳገት ላይ ተሸካሚዎቹ ይመስክሩለት።

ሁለተኛው ነጥብ ከቤተ ልሔም የምንወስደው ነው። የተመረቀው ሰው ማስተማር ይኑርበት። በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስ ወይም በወገዳ ለሚገኙ ብየዳ ሠሪዎች፣ አናጢዎችና ሸክላ ሠሪዎች ቢያንስ አንድ ወቅት ወርዶ የሠራውን ያስተምር፤ ከነሱም ይማር። አለዚያ እንደ ጋፋት ወጣቶች ይሆናል፤ ዕቃው ይቀራል፣ ዕውቀቱ ይበተናል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ መቼም ሳይነሣ አይቀርም። የዲዛይን ትምህርት ውድ ላቦራቶሪ አይፈልግም። አንድ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት፣ ጥቂት የመለኪያ ዕቃ፣ ለመስክ ጉዞ የሚሆን አበል፣ ለሁለትና ለሦስት ተማሪ የሚበቃ ድጋፍ ይበቃዋል። ይህ ማኅበር ከዚህ በላይ የሆኑ ነገሮችን ሲያዋጣ አይተናል። በውጭ አገር ያላችሁ፣ ምህንድስናና ዲዛይን የምታስተምሩ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ከዕቃ ይልቅ ጊዜያችሁን ላኩልን፤ አንድ ተማሪ በኢንተርኔት ማማከር ከአንድ ኮንቴይነር አሮጌ አልጋ ይበልጣል።

በዚህ የመገናኛ ሳምንት የቴክኖሎጂና የሕክምና መምህራን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የማየት ዕድል አለን። ከመበተናችን በፊት የሁለቱ ኮሌጆች የድኅረ ምረቃ አስተባባሪዎች አንድ ሰዓት ቢሰጡን፣ የመጀመሪያውን የመመረቂያ ጥያቄ ዝርዝር እኔና የማዋለጃ ክፍል ባልደረቦቼ ጽፈን እናቀርባለን። ከላይ የተጻፈው ቃሬዛ ነው።